ባለ ሁለት ማስገቢያው የሃርድ ዲስክ መገልበጫ ዶክ ለዳር ሰፈር ጥገና ቤት ያዋጣል?

አያት፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ጀሞ፤ ከነዚህ በየትኛውም ሰፈር ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ ፎቶ ኮፒ፣ ጉርድ ፎቶና ኮምፒውተር ጥገና በአንድ በር የሚሠራ ሱቅ አይጠፋም። የሚመጣላቸው ሥራም ይመሳሰላል፦ «ላፕቶፑ ለመነሣት ሩብ ሰዓት ይፈጅበታል፤ ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ ቀይሩልኝ፣ ግን ውስጡ ካለው አንድም ነገር እንዳይጠፋብኝ።» ኤስኤስዲ የሚዞር ሳህን የሌለው ፈጣን ዲስክ ነው። ለዚሁ ሥራ ተብሎ የሚሸጠው ዕቃ ባለ ሁለት ማስገቢያው ዶክ ነው። አሮጌውን ዲስክ በአንዱ፣ አዲሱን በሌላው ሰክተው ቁልፉን ሲጫኑት ያለ ምንም ኮምፒውተር ይገለብጣል። ሻጩ «ዳታም ሴቲንግም አይነካም» ይላል። እውነቱን ነው፤ ያልተናገረው ግን ከተናገረው ይበዛል።

የዶኩ ብራንድ ብዙ ነው፤ አሠራሩ ግን ተቀራራቢ ስለሆነ እዚህ የሚገመገመው ዓይነቱ እንጂ አንድ ስም አይደለም። ካርቶኑ ውስጥ ዶኩ፣ ባለ 12 ቮልት አዳፕተርና የዩኤስቢ 3.0 ኬብል አለ። 2.5 ኢንች የላፕቶፕ እና 3.5 ኢንች የዴስክቶፕ ሳታ (የተለመደው የዲስክ መሰኪያ ዓይነት) ዲስክ ይቀበላል። እንደ ማስቲካ ቀጭን የሆነውን ኤም.2 ኤስኤስዲ አይቀበልም፤ ለሱ ሌላ ዓይነት ዶክ አለው። ስለዚህ አዳዲስ ላፕቶፖች የሚበዙበት ሱቅ ከመግዛቱ በፊት የሚመጣለትን ሥራ ይቁጠር።

ዶኩ ስለ ዊንዶውስ የሚያውቀው ነገር የለም። ፋይል አያይም፣ ፓርቲሽን (ዲስኩ የተከፈለባቸውን ክፍሎች) አያይም። የሚያየው ሴክተር ብቻ ነው፤ ሴክተር የዲስኩ ትንሿ የዳታ ክፍል ናት። ከሴክተር ዜሮ ተነሥቶ እስከ መጨረሻው ሴክተር ያገኘውን ሁሉ እያነሣ አዲሱ ዲስክ ላይ እዚያው ቁጥር ላይ ያስቀምጣል። ባዶ ቦታውም ይገለበጣል፤ ከዓመት በፊት የተሰረዘ ፋይል ርዝራዥም አብሮ ይሄዳል።

ጥቅሙ ከዚሁ ዕውርነቱ ይመጣል። ፎርማት አድርጎ «ዶክመንትህን መልሼልሃለሁ» የሚል ጥገና ቤት ዳታ አላጠፋም ይሆናል፤ ሴቲንጉን ግን አጥፍቷል። ፒችትሪ ያለበት የሒሳብ ሠራተኛ ላፕቶፕ ላይ ከፕሮግራሙ ጋር የሚጫን የዳታቤዝ ሞተር አለ፤ የድርጅቱን ፎልደር ብቻ መገልበጥ ፕሮግራሙን አያስነሣም። በድሮው ፓወር ግዕዝ የተጻፈ ደብዳቤ ፎንቱ ከሌለ አማርኛው በላቲን ፊደልና በምልክት ተተራምሶ ይወጣል። ክሮም ላይ የተቀመጠ ፓስወርድም ፎልደሩ ወደ አዲስ ዊንዶውስ ቢዞር አይከፈትም፤ የተቆለፈው በድሮው የዊንዶውስ አካውንት ቁልፍ ነውና። ሴክተር በሴክተር ሲገለበጥ ግን ይህ ሁሉ እንዳለ ይሻገራል። የዊንዶውስ አክቲቬሽንም በዋናነት የተያያዘው ከማዘርቦርዱ ጋር ስለሆነ ዲስክ ብቻ ስለተቀየረ አይጠፋም። ለዚህ ሥራ ዶኩ ሙሉ ነጥብ ይገባዋል።

ችግሩ ከመጠን ይጀምራል። አዲሱ ዲስክ ከአሮጌው በአንድ ሴክተር እንኳ ካነሰ ዶኩ ሥራ አይጀምርም። 500 ጊጋ የተጻፈበት ሃርድ ዲስክ 976,773,168 ሴክተር አለው፤ ገበያ ላይ እንደ ልብ የሚገኘው 480 ጊጋ ኤስኤስዲ ደግሞ 937,703,088 ነው። ልዩነቱ 20 ጊጋ ያህል ነው። የደንበኛው ዕቃ በሙሉ 90 ጊጋ ብቻ ቢሆንም ለዶኩ ምኑም አይደለም፤ መብራቶቹ ብልጭ ድርግም ብለው ይቆማል። ዊንዶውስ ውስጥ ገብቶ ፓርቲሽኑን አስቀድሞ ማሳነስም አይረዳም፤ ዶኩ የሚቆጥረው የዲስኩን ጠቅላላ ሴክተር ነው። ለ500 ጊጋ ቢያንስ 512 ይግዙ፤ እሱ 1,000,215,216 ሴክተር ስላለው ያልፋል። ለ1 ቴራ ደግሞ 960 አይሆንም፣ ራሱ 1 ቴራ መሆን አለበት።

እዚህ ላይ ከሁሉም የከፋ ወጥመድ አለ። የ500ው ዲስክ ወደ 480ው አልገለብጥ ሲል የተቻኮለ ሰው «ምናልባት ማስገቢያው ተሳስቶ ይሆናል» ብሎ ሁለቱን ያቀያይራል። አሁን ዶኩ ደስ ብሎት ይነሣል፤ ምክንያቱም ከ480 ወደ 500 መገልበጥ ይችላል። የሚገለብጠው ግን ባዶውን ኤስኤስዲ ወደ ደንበኛው ሃርድ ዲስክ ነው። በመጀመሪያው ሰከንድ የፓርቲሽኑ ሰንጠረዥ ይጠፋል፤ ከዚያ ወዲህ በእያንዳንዱ ደቂቃ አራትና አምስት ጊጋ ዳታ በዜሮ ይሸፈናል። ቶሎ ከተነቀለ ቀሪውን በማውጫ ሶፍትዌር ማዳን ይቻል ይሆናል፤ የተሸፈነው ግን በምንም አይመለስም። ዶኩ «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ የሚጠይቅበት ስክሪን የለውም። አንዳንዱ ቁልፉን ለጥቂት ሰከንድ ተጭኖ መያዝና ደግሞ መጫን ይፈልጋል፤ ያለው ጥበቃ ያ ብቻ ነው።

የማስገቢያዎቹ ስም ነገሩን ያብሰዋል። በአንዱ ዶክ ላይ «ሶርስ» እና «ታርጌት» ተብሎ በግልጽ ተጽፏል፤ በሌላው «ኤ» እና «ቢ» ብቻ ነው፤ ሌላው «1» እና «2» ይላል። የአንዱን ልማድ ይዞ ሌላውን መንካት ያስከፍላል። ማኑዋሉን አንብቦ ነጭ ፕላስተር ላይ በእስክሪብቶ «አሮጌ» እና «አዲስ» ብሎ ለጥፎ መተው ከዶኩ ጋር መምጣት የነበረበት ነገር ነው። ሲገለብጡ የዩኤስቢ ኬብሉ ከኮምፒውተር መነቀል አለበት፤ ብዙዎቹ ዶኮች ተሰክቶ ሳለ የመገልበጫውን ቁልፍ አይሰሙም።

ወደ ሰዓቱ እንምጣ። በደቂቃ 5,400 ዙር የሚዞር የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ በአማካይ በሰከንድ 80 ሜጋባይት ቢያነብ 500 ጊጋ አንድ ሰዓት ከ45 ደቂቃ ያህል፣ 1 ቴራ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። ፊት ላይ ያሉት አራት መብራቶች 25፣ 50፣ 75 እና 100 በመቶን ያሳያሉ። የመጀመሪያው ሲበራ ሰዓቱን በአራት አባዝቶ ለደንበኛው ቀጠሮ መስጠት ያዋርዳል። ሃርድ ዲስክ የሚነበበው ከሳህኑ የውጭ ጠርዝ ጀምሮ ነው፤ እዚያ በአንድ ዙር ብዙ ሴክተር ያልፋል። ወደ መሐል ሲጠጋ ፍጥነቱ ወደ ግማሽ ስለሚወርድ የመጨረሻው መብራት ከመጀመሪያው በጣም ይዘገያል።

ሦስት ሰዓት ተኩል ሳይቆራረጥ መብራት ማግኘት ደግሞ በከተማው ዳርቻ የሚታመኑበት ነገር አይደለም። መብራት ከሄደ ዶኩ የደረሰበትን አያስታውስም፤ ከዜሮ ይጀምራል። አሮጌው ዲስክ ላይ የሚጻፍ ስለሌለ ዳታው አይነካም፣ የሚባክነው ጊዜው ነው፤ ቀድሞውንም የታመመ ዲስክ ከሆነ ግን በድንገት ጠፍቶ መነሣቱ ራሱ ያባብሰዋል። መፍትሔው ዶኩን ከዩፒኤስ ላይ መሰካት ነው። ሁለት የላፕቶፕ ዲስኮች ሲሠሩ የሚወስዱት ጥቂት ዋት ስለሆነ ለአንድ ዴስክቶፕ ተብሎ የተገዛ አነስተኛ ዩፒኤስ ዶኩን ዴስክቶፑን ከሚይዝበት እጅግ ለረዘመ ጊዜ ይይዘዋል። ያረጀ ባትሪ ያለው ዩፒኤስ ግን ዩፒኤስ አይደለም፤ አስቀድሞ ከግድግዳው ነቅለው ይሞክሩት።

ከሁሉ በፊት መደረግ ያለበት፣ ብዙ ሱቅ ግን የሚዘለው፣ የአሮጌውን ዲስክ ጤና ማየት ነው። ዶኩን በዩኤስቢ ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የተባለውን የዲስክ ጤና ማሳያ ፕሮግራም መክፈት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። የሚታዩት ሦስት መስመሮች ናቸው፦ 05፣ ሲ5 እና ሲ6። የመጀመሪያው ተበላሽተው በመጠባበቂያ የተተኩ ሴክተሮች ቁጥር ነው። ሲ5 ማንበብ አቅቶት «ቆይ ልየው» ብሎ ያቆያቸው፣ ሲ6 ደግሞ ጨርሶ ማረም ያልቻላቸው ናቸው። ቁጥሮቹ በሄክስ (በ16 መሠረት አቆጣጠር) ስለሚጻፉ 10 ሲል 16 ማለቱ ነው። ሲ5 እና ሲ6 ዜሮ ከሆኑ ዶኩን ይጠቀሙ። ከዜሮ በላይ ከሆኑ አይጠቀሙ። የተበላሸ ሴክተር ሲያጋጥመው እንደ ሞዴሉ አንዱ ዶክ ይቆማል፣ ሌላው ደጋግሞ ሲሞክር ዲስኩን ያደክመዋል፣ ሌላው ደግሞ ዝም ብሎ ዘሎ ያልፋል። ሦስተኛው ከሁሉ ይከፋል፤ አራቱም መብራት በርቶ ሥራው ያለቀ ይመስላል፣ የትኛው ፋይል እንደጎደለ የሚነግር ግን የለም። ለእንዲህ ዓይነቱ ዲስክ ሊኑክስ ላይ የሚሠራው ዲዲሬስኪው ይሻላል፤ መጀመሪያ ጤነኛውን ቦታ ጠርጎ ያወጣል፣ ከዚያ ወደ ታመመው ይመለሳል፣ የደረሰበትንም በፋይል ስለሚመዘግብ መብራት ቢሄድ ካቆመበት ይቀጥላል። ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካለ ደግሞ ኃይል አይስጡት፤ ለደንበኛው በግልጽ ነግረው ይመልሱ።

አንድ ማስተካከያ፦ ቀጭ ያለ ሁሉ አልሞተም። የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ ሲነሣ እስከ 1 አምፔር ሊፈልግ ይችላል፤ ዩኤስቢ 2.0 የሚሰጠው 0.5፣ ዩኤስቢ 3.0 ደግሞ 0.9 አምፔር ነው። በርካሽ ኬብል ከዴስክቶፕ ፊት ለፊት ሶኬት ላይ የተሰካ ጤነኛ ዲስክም ኃይል አንሶት እየተነሣ ሊወድቅ ይችላል። ዶኩ የራሱ አዳፕተር ስላለው ይህን ጥርጣሬ ያጠራል፤ ለምርመራ ብቻ እንኳ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥ ቦታው አይጸጽትም።

ዋናው ተፎካካሪው ከዩኤስቢ ወደ ሳታ የሚያገናኘው ቀላል ኬብል ነው። ዋጋው ከዶኩ በጣም ያንሳል፣ ኪስ ይገባል፣ አሮጌው ዲስክ ላፕቶፑ ውስጥ እንዳለ አዲሱ በኬብሉ ይሰካና ሶፍትዌር ይገለብጠዋል። ሶፍትዌሩ ፋይል ሲስተሙን ስለሚያነብ የሚገለብጠው የተያዘውን ቦታ ብቻ ነው፤ 500 ጊጋ ውስጥ 120 የተያዘ ከሆነ በሰከንድ 80 ሜጋባይት 25 ደቂቃ ነው። ወደ 480 ማሳነስም አይከብደውም። መብራት ቢሄድ ደግሞ የላፕቶፑ ባትሪ አለ። ለዳር ሰፈር ይህ የመጨረሻው ነጥብ ብቻውን ሚዛኑን ይደፋል። ኬብሉ ሰማያዊ ጫፍ ያለው ዩኤስቢ 3.0 ይሁን፤ በ2.0 ሶኬት ያው 120 ጊጋ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። የዴስክቶፕ 3.5 ኢንች ዲስክ ግን 12 ቮልት ስለሚፈልግ አዳፕተር በሌለው ኬብል አይዞርም።

በሶፍትዌሩ በኩል ክሩሻልና ደብልዩዲ ለራሳቸው ዲስክ የሚሠራ የአክሮኒስ ቅጂ በነፃ ይሰጣሉ፤ የሳምሰንጉ የሚገለብጠው ወደ ሳምሰንግ ኤስኤስዲ ብቻ ነው። ነፃው ማክሪየም ሪፍሌክት እ.ኤ.አ. ከ2024 መጀመሪያ ወዲህ ድጋፍ የለውም፤ ክራክ ተደርጎ በፍላሽ የሚዞረው ደግሞ ለደንበኛ ማሽን የሚሆን ነገር አይደለም። ክሎንዚላ ነፃና አስተማማኝ ነው፣ ግን ትንሽ ዲስክ ሲያይ እንደ ዶኩ እምቢ ይላል፤ መጀመሪያ ሲ ድራይቩን ማሳነስ፣ ከዚያ በኤክስፐርት ሞድ የመጠን ፍተሻውን እንዲተው ማዘዝ ያስፈልጋል። በየትኛውም መንገድ ይሁን ከመጀመርዎ በፊት ፋስት ስታርትአፕን (ዊንዶውስ ቶሎ እንዲነሣ ሲባል ሙሉ በሙሉ እንዳይዘጋ የሚያደርገውን ሴቲንግ) አጥፍተው ማሽኑን በደንብ ይዝጉት፤ አለዚያ የሚገለበጠው ግማሽ ያንቀላፋ ዊንዶውስ ነው።

ቢትሎከር (የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) ያለበት ላፕቶፕ ላይ ዶኩ ይሻላል፤ የተቆለፈውን እንደተቆለፈ ያሻግረዋል። ክሎንዚላ ግን ውስጡን ስለማያይ እንደ ዶኩ ሁሉንም ሴክተር ሊገለብጥ ይገደዳል። ሆኖም ከተቀየረ በኋላ ማሽኑ ባለ 48 አኃዙን የማገገሚያ ቁልፍ ሊጠይቅ ስለሚችል ቁልፉ ከደንበኛው ማይክሮሶፍት አካውንት ወጥቶ ወረቀት ላይ ሳይሰፍር ካቻቪቴ አይነሣ። ደንበኛው «እኔ ቆልፌ አላውቅም» ቢልም ይፈትሹ፤ አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ባለቤቱ ሳያውቀው በርቶ ይገኛል።

የመግጠሙ ሥራ አጭር ነው። ቻርጀሩን ነቅለው፣ የውስጥ ባትሪውን ሶኬት አላቀው፣ የማስነሻውን ቁልፍ 15 ሰከንድ ያህል ተጭነው ይያዙ። በአንዳንድ ኤችፒዎች ጥቂት ብሎኖች ከታች ባለው የላስቲክ እግር ሥር ተደብቀዋል፤ ክዳኑ አልላቀቅ ሲል በጉልበት ከመፈልቀቅ ላስቲኩን ያንሡ። የድሮው ዲስክ 9.5 ሚሊሜትር ውፍረት ካለውና ኤስኤስዲው 7 ከሆነ እንዳይንቀሳቀስ ፍሬሙን ወይም ስስ ፕላስቲክ ይደርቡበት፤ የላላ ዲስክ ባጃጅ ላይ ሲንገጫገጭ ከሶኬቱ ይሸሻል።

መጀመሪያ ሲያስነሡት አሮጌው ዲስክ የትም እንዳይሰካ። ሁለቱ አንድ ዓይነት መለያ ስላላቸው ዊንዶውስ አንዱን ኦፍላይን ያደርገዋል። ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሣው የማሽኑ ፕሮግራም) ውስጥ የሳታው ሁኔታ ኤኤችሲአይም ይሁን ሬይድ እንደነበረ ይተዉት፤ መቀየር ሰማያዊ ስክሪን ይጠራል። ሲነሣ በኦፕቲማይዝ ድራይቭስ ገብተው ኦፕቲማይዝ ያድርጉ፤ ዶኩ ባዶውን ቦታ ሁሉ ስለጻፈበት ኤስኤስዲው የሞላ ይመስለዋል፣ ባዶነቱን የሚነግረው ኦፕቲማይዝ የሚልከው ትሪም የተባለ ትእዛዝ ነው። አዲሱ ዲስክ ከበለጠ ትርፉ ከመጨረሻ ላይ ያልተመደበ ሆኖ ይቀመጣል፤ መሐል ላይ የሪከቨሪ ፓርቲሽን ስለሚገኝ የዊንዶውሱ ኤክስቴንድ (ፓርቲሽን ማስፊያው) ደብዝዞ አይነካም፣ ያንን ፓርቲሽን ወደ ዳር የሚገፋ ሶፍትዌር ያስፈልጋል። ይህ የዶኩ ተጨማሪ ግማሽ ሰዓት ነው፣ ሻጩ አይነግርዎትም።

ማስረከብ ማለት ዴስክቶፑን ማሳየት አይደለም። ፒችትሪ ተከፍቶ አንድ ሪፖርት ፕሪንት ይደረግ፣ የቆየ የፓወር ግዕዝ ደብዳቤ ይከፈት፣ ክሮም ላይ ኢሜይሉ ሳይጠይቅ መግባቱ ይታይ። አሮጌው ዲስክም ቀን ተጽፎበት ለደንበኛው ይመለስ፤ ቢያንስ አንድ የወር ሒሳብ እስኪዘጋ ምንም አይጻፍበት። በዚያው ቀን ወደ ዊንዶውስ 11 ማሳደግም ጥሩ ሐሳብ አይደለም፤ ችግር ሲመጣ የዲስኩ ይሁን የዊንዶውሱ አይለይም።

ዋጋ እዚህ አልተጻፈም፤ ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ ዋጋ እየተመራ ስለሆነ የኤስኤስዲም የዶክም ዋጋ በየጊዜው ይለዋወጣል። የዕቃውንና የእጅ ዋጋውን ለየብቻ ይጠይቁ። ኤስኤስዲው ሲገዛ እዚያው ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ላይ የሠራባቸው ሰዓታትና የተጻፈበት መጠን ይታይ፤ «አዲስ» የተባለ ዲስክ በመቶ የሚቆጠር ሰዓት ካሳየ ከሌላ ማሽን የወጣ ነው።

ለቤት ሰው፣ አንድ ላፕቶፕ ብቻ ላለው፣ ዶኩ አይመከርም፤ ኬብሉ ይበቃዋል። በወር ብዙ ዴስክቶፕ ለሚመጣለት፣ ለምሳሌ የትምህርት ቤት ወይም የኢንተርኔት ቤት ማሽኖችን ከአንድ ዲስክ ለሚያባዛ ሱቅ ያዋጣል፤ ኬብሉም ከጎኑ ይኑር። ሲገዙ አዳፕተሩ ላይ የተጻፈውን አምፔር ያንብቡ። የአንዳንድ ዶክ መሰኪያ የራውተር ወይም የሪሲቨር አዳፕተር ይቀበላል፣ እሱም 12 ቮልት ነው፤ ግን ብዙውን ጊዜ 1 አምፔር ብቻ ነው። የዴስክቶፕ ዲስክ ሲነሣ 2 አምፔር ገደማ ይስባል። ከዕቃዎቹ ጋር ተደባልቆ የራውተሩ አዳፕተር ከተሰካ ዲስኩ መዞር ይጀምራል፣ ይወድቃል፣ ደግሞ ይጀምራል፤ ጥገና ቤቱም ጤነኛ ዲስክ ይዞ «ሞቷል» ይላል። አዳፕተሩን ከዶኩ ጋር በክር ይሰሩት።